በቅባቱ ውስጥ ቅጠሉ ምን ያህል ነው?

ሰሞኑን ለዚህ አምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናነባቸው አንዱ የሌላው መልስ መስሎ ታየን። የመጀመሪያው ከደሴ የተጻፈ ነው። ጸሐፊዋ የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ልጅ እናት ናቸው። ልጃቸው ጉንጩና የክርኑ መታጠፊያ በችፌ ተይዞ ሌሊት ሲያክ እንደሚያድር ይገልጹና፣ ጎረቤት በጠቆመቻቸው መሠረት «ንጹሕ የቅጠል ነው፤ ኬሚካል የሚባል ነገር የለበትም» የተባለ ነጭ ቅባት ገዝተው ቢቀቡለት በሦስተኛው ቀን ቆዳው እንደ አዲስ ጠራ ይላሉ። ቅባቱ ባለቀ በሳምንቱ ግን ችፌው ከቀድሞው ብሶ ተመለሰ። ደግመው ገዙ፤ ደግሞ ጠራ፤ ደግሞ ተመለሰ። አሁን አራተኛውን ብልቃጥ ጨርሰዋል። የልጁ ጉንጭ ቆዳ ሳስቶ ቀጫጭን የደም ሥሮች መታየት ጀምረዋል። «ቅጠል ከሆነ ለምን ይጎዳዋል? ልቀጥል ወይስ ልተው?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ሁለተኛው ደብዳቤ ከደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ስድስት ሴቶች ተደራጅተው ከእሬት ሳሙናና የፊት ቅባት እየሠሩ በሰፈራቸው ይሸጣሉ። ዕቃቸውን ወደ አዲስ አበባ አምጥተው ለአንድ ሱቅ ቢያሳዩ ባለሱቁ ወደደውና፣ «በውስጡ ያለው የእሬት መጠን ምን ያህል እንደሆነ የሚገልጽ የላቦራቶሪ ወረቀት አምጡ» ብሎ መለሳቸው። ደብዳቤውን የጻፉልን እኅት ነገሩ ሳያበሳጫቸው አልቀረም። «እናቶቻችን ሲቀቡት የኖሩትን እሬት በምን እንመዝነው? በማንኪያ ነው በጭልፋ?» ይላሉ።

የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው። በቅባቱ ውስጥ ምን አለ ማለት ብቻ አይበቃም፤ ስንት አለ ተብሎም መጠየቅ አለበት። ይህን በወጥ ቤታችን ሁላችንም እናውቀዋለን። በወጡ ውስጥ በርበሬ አለ ማለትና አንድ ማንኪያ ወይም አንድ ጭልፋ በርበሬ አለ ማለት ለየቅል ነው። ጨው ያጣፍጣል፤ ሲበዛ ያስተፋል። ስለሚቀባ ቅጠል ሲነገረን ግን ይህ ባልትናችን ከየት እንደሚጠፋ አይታወቅም፤ «የተፈጥሮ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ይበቃናል። የሳማ መለብለብም እኮ የተፈጥሮ ነው። የእንዶድን ነገር ብናነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማግኘታቸው በዓለም የታወቀ ታሪክ ነው። እንዶድን አረፋ የሚያስደፍቁት ሳፖኒን የተባሉት ውሁዶች ናቸው፤ ቀንድ አውጣውን የፈጁትም እነርሱው ናቸው። አንድ ቅጠል ወይም ፍሬ የሚሠራው በውስጡ ባሉት ውሁዶች ነው። ውሁዱ ማልማቱም ሆነ ማጥፋቱ በመጠኑና በሚያርፍበት ቦታ ይወሰናል።

እስቲ እሬትን እንመልከት። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 የሚበልጡ የእሬት ዝርያዎች እንዳሉ የዕፅዋት ሊቃውንት ያረጋገጡ ሲሆን፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ኖርዌያዊቷ ኢንገር ኑርዳል ስለ እነዚሁ መጽሐፍ አሳትመዋል። ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ በሌላ አገር አይገኙም። በሱቅ ብልቃጦች ላይ ስሙ ተጽፎ የምናየው አሎቬራ መነሻው የዓረብ ምድር የሆነ አንድ ዝርያ ነው። ስለዚህ ስለ አሎቬራ በውጭ አገር የተጠናው ሁሉ ደብረ ብርሃን ጋራ ላይ ለበቀለው እሬት እንዳለ ይሠራል ማለት አይቻልም። የቅጠሉ ውፍረት፣ የዝልግልጉ ብዛት፣ የምሬቱ ኃይል ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። በአንዱ ዝርያ ውስጥም ቢሆን በዕድሜው፣ በወራቱና ባገኘው ዝናብ መጠን ልዩነት ይታያል።

የእሬት ቅጠል በውስጡ ሁለት የተለያዩ ፈሳሾችን መያዙ ዋናው ቁም ነገር ነው። ቅጠሉ ሲቆረጥ ከልጣጩ ሥር ቶሎ የሚንጠባጠበው ቢጫ ፈሳሽ አንዱ ነው። ምሬቱ የሚታወቀው ይህ ነው። እናቶቻችን ልጅ ጡት ለማስጣል ጡታቸውን የሚቀቡትም ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ከመካከል የሚገኘው ጠረን አልባ፣ ጥርት ያለ ዝልግልግ ነው። በቢጫው ውስጥ ያለው ዋና ውሁድ አሎይን ይባላል። አሎይን ሆድ የሚያጥብ፣ አንጀት የሚያስጮኽ ነገር ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት መዝገብ የዚህን ቢጫ ፈሳሽ ደረቅ ሙጫ በመድኃኒትነት ለመቀበል በልክ ወስኖታል፤ ከባርቤዶስ ወገን የሆነው ቢያንስ 28 በመቶ፣ ከደቡብ አፍሪካው የኬፕ ወገን የሆነው ቢያንስ 18 በመቶ አሎይንና መሰሎቹን መያዝ አለበት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ግን ለደኅንነቱ በቂ ማስረጃ አልቀረበም በማለት እ.ኤ.አ. በ2002 ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡ የሆድ ማለስለሻዎች ዝርዝር አስወጥቶታል።

ለቆዳ የሚፈለገው ዝልግልጉ ነው። እርሱም 99 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ከአንድ ኪሎ ዝልግልግ ውኃው ቢተን የሚቀረው ደረቅ ነገር ከ5 እስከ 10 ግራም ብቻ ነው። አሴማናን የተባለው ረጅም የስኳር ሰንሰለት የሚገኘው በዚህች ጥቂት ግራም ውስጥ ሲሆን፣ የእሬቱን ዝልግልግነት የሚሰጠውና የቆዳን እርጥበት ይጠብቃል የሚባለውም እርሱ ነው። ሙቀት ይሰባብረዋል። ቅጠሉ ተቆርጦ ሲውል ሲያድርም በራሱ በቅጠሉ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ይፈጩታል። ስለዚህ ከሦስት ቀን በፊት ተቆርጦ ፀሐይ ላይ የዋለ ቅጠል በመልኩ እሬት ቢመስልም በይዘቱ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

በመዋቢያ ውስጥ ስለሚገባ የእሬት ጭማቂ የአሎይን ወገን ከሚሊዮን 50 እጅ እንዳይበልጥ አምራቾቹ ልክ አውጥተዋል። «ከሚሊዮን አንድ እጅ» ሲባል አንዳንዶቻችን እንደናገራለንና በእህል እናስላው። አሥር ኩንታል ጤፍ አንድ ሚሊዮን ግራም ነው። በዚያ ውስጥ የተቀላቀለ አንድ ግራም አሸዋ ከሚሊዮን አንድ እጅ ይባላል። እንግዲህ አንዲት ባለሙያ አንድ ኪሎ ዝልግልግ ስታወጣ ቢጫውን በደንብ ሳታንጠፈጥፍ ቀርታ፣ ሲደርቅ አንድ ግራም የሚሆን ብቻ ገባባት እንበል። ያ አንድ ግራም 28 በመቶ አሎይን ቢኖረው በኪሎው ውስጥ 280 ሚሊግራም አለ ማለት ነው። ይህም ከሚሊዮን 280 እጅ ሲሆን ከተወሰነው ልክ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። በዓይን ሲታይ ግን ዝልግልጉ ትንሽ ቢጫ ማለቱ ብቻ ነው። በፊቷ ላይ የምትቀባው ሴት ማሳከክና መቅላት ቢመጣባት «እሬት አልተስማማኝም» ትላለች እንጂ ያልተስማማት የትኛው ፈሳሽ እንደሆነ አታውቅም።

ማጭበርበርም በሁለት ወገን ይመጣል፤ አንዱ የማይገባውን መጨመር ሲሆን ሌላው የሚገባውን አለመጨመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ብሉምበርግ የተባለው የዜና ድርጅት በአሜሪካ ከአራት ታላላቅ መደብሮች የአሎቬራ ዝልግልግ ገዝቶ በላቦራቶሪ አስመረመረ። መርማሪዎቹ የእሬት ምልክት የሆኑ ሦስት ነገሮችን ፈለጉ፤ አሴማናን፣ ማሊክ አሲድና ግሉኮስ። በሦስቱ መደብሮች ዕቃ ውስጥ ከሦስቱ አንዱም አልተገኘም። በአራተኛው የተገኘው አንዱ ብቻ ነበር። በእሬቱ ምትክ በሦስቱ ውስጥ የተገኘው ከስታርች የሚሠራ ማልቶዴክስትሪን የተባለ ርካሽ ነገር ነው። ሻጮቹ ውጤቱን አልተቀበሉም፤ ክርክሩም ወደ ፍርድ ቤት አመራ። በሀብታም አገር ይህ ከሆነ በእኛ ገበያ «መቶ በመቶ እሬት» የሚል ጽሑፍ ሲያጋጥመን ቆም ብለን ማሰባችን ተገቢ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ይለካል? በመጀመሪያ ፍቱኑ ነገር ከቅጠሉ መውጣት አለበት። ይህም የራሱ ባልትና አለው። ቅቤ ስናነጥር እርድ እንጨምራለን፤ ቅቤውም ወርቅ ይመስላል። ያንኑ እርድ በቀዝቃዛ ውኃ ብናደርገው ውኃውን ቢያደፈርሰውም ዱቄቱ ከታች ይዘቅጣል እንጂ አይሟሟም። የእርድ ቢጫነት ከኩርኩሚንና ከወገኖቹ የሚመጣ ሲሆን እነዚህ በስብና በአልኮል እንጂ በውኃ እምብዛም አይሟሙም። በአንጻሩ የእሬቱ አሴማናን ውኃ ይወዳል፤ በአልኮል ግን ይረጋል። እንግዲህ «የእርድ ውኃ ነው፤ ፊትሽን ታጠቢበት» የሚል ሻጭ የሸጠው በአብዛኛው ውኃውን ነው። ኮሰረቱንና ኮረሪማውን ከቅቤ ጋር ማንጠር እንደሚገባ ያወቁት አያቶቻችን ኬሚስትሪ ባይማሩም ትክክል ነበሩ።

ከወጣ በኋላ የሚለካበት ቀላሉ ዘዴ በቀለም ነው። አንዲት የቤት እመቤት በሦስት እኩል ብርጭቆ ሻይ አፈላች እንበል፤ በመጀመሪያው አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት ማንኪያ የሻይ ቅጠል ጨመረች። ከዚያ ጎረቤት ያፈላችውን ሻይ በተመሳሳይ ብርጭቆ አምጥታ ብታስተያየው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለ መልክ ቢኖረው ሁለት ማንኪያ ተኩል ገደማ መግባቱን ትገምታለች። ላቦራቶሪውም የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። ልዩነቱ በዓይን ፋንታ ብርሃን የሚለካ መሣሪያ መኖሩ፣ በሻይ ቅጠል ፋንታም ንጽሕናው የታወቀ ማመሳከሪያ ውሁድ በሚሊግራም ተመዝኖ መግባቱ ነው። ማመሳከሪያ የሌለው ላቦራቶሪ የሚዛን ድንጋይ እንደሌለው ነጋዴ ነው፤ ዕቃውን ሊያነሣና ሊጥል ይችላል፤ ክብደቱን ግን አይነግርዎትም።

ቀለም ግን ይዋሻል። ከእርድ ሳንወጣ፣ በባንግላዴሽ አንዳንድ አዘጋጆች የእርዱን መልክ ለማድመቅ ሌድ ክሮሜት የተባለ እርሳስ ያለበት የቀለም ዱቄት ይቀላቅሉ ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ መንግሥት በገበያው ላይ ቁጥጥርና ቅጣት አጠበቀ፤ ለሕዝቡም በሰፊው ተነገረ። በዚያው ዓመት ከቁጥጥሩ በፊት ከገበያ ከተወሰዱት ናሙናዎች 47 በመቶው እርሳስ ተገኝቶባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ቁጥሩ ወደ ዜሮ ወረደ። በልኬት የተደገፈ ሥራ የልጆችን አእምሮ ከመርዝ ሲታደግ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ለጊዜው አይታየንም። በዓይን ብቻ ቢዳኝ ኖሮ እርሳስ ያለበት እርድ የውበት ሽልማት ያገኝ ነበር።

ስለዚህ በጭማቂው ውስጥ ያሉትን ውሁዶች አንድ በአንድ መለየት ያስፈልጋል። መንገዱን የጠረገው ሚኻኢል ጽቬት የተባለ ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1903 እስከ 1906 ባሉት ዓመታት በመስተዋት ቱቦ ውስጥ የኖራ ዱቄት ጠቅጥቆ የቅጠል ጭማቂ ቢያፈስበት አረንጓዴውና ቢጫው ቀለም እየተለያየ በቀለበት በቀለበት ተቀመጠለት። ዘዴውንም ክሮማቶግራፊ አለው፤ በቀለም መጻፍ እንደማለት ነው። የሊቁ የቤተሰብ ስም በሩሲያኛ «ቀለም» ማለት መሆኑ ይገርማል።

ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ላቦራቶሪዎች ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ የሚሠራበት ዓይነት፣ በስሱ ነጭ የሲሊካ ዱቄት የተለሰነች ትንሽ ሰሌዳ ናት። ከግርጌዋ ላይ የጭማቂው ጠብታ፣ ከጎኑ የማመሳከሪያው ጠብታ ይደረግና እግሯ ብቻ ፈሳሽ ውስጥ ትቆማለች። የኩራዝ ክር ጋዝ ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ ዱቄቱ ፈሳሹን ወደ ላይ ይስባል። እያንዳንዱ ውሁድም እንደ ጠባዩ አንዱ ፈጥኖ፣ አንዱ ዘግይቶ ይጓዛል። በመጨረሻ በልዩ መብራት ሲታይ ነጠብጣቦች ተደርድረው ይገኛሉ። ከማመሳከሪያው ትይዩ ነጠብጣብ ካለ «አለ»፤ ከሌለ «የለም» ነው። መጠኑን በትክክል ለማወቅ ግን በግፊት የሚሠራው የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ማሽን ያስፈልጋል። ማሽኑ ጭማቂውን የእጅ ስንዝር በምታህል፣ ደቃቅ ዱቄት በታጨቀባት የብረት ቱቦ ውስጥ በኃይል ይገፋዋል። እያንዳንዱ ውሁድ በየደቂቃው ተራውን ጠብቆ ሲወጣ መሣሪያው እንደ ተራራ ጫፍ የሆነ ሥዕል ይሥላል። የተራራው ስፋት ከማመሳከሪያው ጋር ተነጻጽሮ በግራም ይነገራል።

በነገራችን ላይ ይህ ሙያ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜና ባልደረቦቻቸው የእሬት ዝርያዎችን ኬሚስትሪ ለዓመታት መርምረው እ.ኤ.አ. በ2000 የብዙዎችን ጥናት የሚያጠቃልል ሰፊ ጽሑፍ ለዓለም አቅርበዋል።

አሁን ወደ ደሴዋ እናት እንመለስ። እኅታችን፣ ብልቃጡ ሳይመረመር በውስጡ ያለው ይህ ነው ልንልዎት አንችልም። የጻፉልን ምልክት ግን ሐኪሞች ደኅና አድርገው የሚያውቁት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ለችፌና ለመሳሰለው የተሰጡ 11 የቻይና የቅጠል ቅባቶችን በላቦራቶሪ አስመረመሩ። በስምንቱ ውስጥ ዴክሳሜታሶን ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ በዚያው አገር ለሕፃናት ችፌ የተገዙ 24 «የቅጠል» ቅባቶች ሲመረመሩ በ20ዎቹ ውስጥ ከስቴሮይድ ወገን የሆነ መድኃኒት ተገኝቷል፤ ከእነርሱም መካከል በዚህ ወገን ካሉት ሁሉ እጅግ ብርቱ የሆነው ክሎቤታሶል ይገኝበታል። ዴክሳሜታሶንም ሆነ ክሎቤታሶል በፋብሪካ የሚሠሩ ናቸው፤ ከየትኛውም ቅጠል አይጨመቁም። በብልቃጥ ውስጥ ከተገኙ የጨመራቸው ሰው አለ ማለት ነው።

ስቴሮይድ የቆዳን መቆጣት በፍጥነት ያበርዳል። በሦስት ቀን የመጣው «ተአምር» ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ሲቋረጥ ችፌው ብሶ ይመለሳል። ሲቀጥል ደግሞ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል። የሕፃን ቆዳ ስስ ከመሆኑም በላይ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ስለሆነ መድኃኒቱ ወደ ደም ይገባል፤ ሰውነቱም የራሱን ተፈጥሯዊ ስቴሮይድ ማመንጨቱን ሊያቆም ይችላል። እነዚህ መድኃኒቶች በራሳቸው ክፉ ናቸው ማለታችን አይደለም። ሐኪም አንድ በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን ለዚህን ያህል ቀን ቀቢ ብሎ ሲያዝ ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት ነው፤ በመቶ ግራም ውስጥ አንድ ግራም አለ። ደካማውን ለፊት፣ ብርቱውን ለመዳፍ ለይቶ የሚሰጠውም ቁጥሩን ስለሚያውቅ ነው። ቁጥሩ በተሰወረበት ብልቃጥ ግን እናት ለልጇ ሳታውቅ የምታዝ ሐኪም ሆናለች ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳይሉ ልጁን የቆዳ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰዱት። ባዶ የሆነውንም ሆነ የተረፈበትን ብልቃጥ ይዘው ይሂዱ፤ አይጣሉት። ለምን ያህል ጊዜ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደቀቡት ይንገሩ። እንዴት እንደሚቋረጥ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የተቀባ ብርቱ ስቴሮይድ በድንገት ሲተው ራሱን የቻለ ችግር ያመጣልና። ልጁ ቢያስመልሰው፣ ከወትሮው የበለጠ ቢደክመውና ቢያንቀላፋ፣ ፊቱ ቢያብጥ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ያድርሱት። እስከዚያው ሽታ ያለው ሳሙና ይቅርበት፤ ገላውን ለብ ባለ ውኃ አጥበው ሳይደርቅ ተራ ቫዝሊን ይቀቡት። ለጎረቤትዎም ይንገሯት። እርሷም በቅን ልብ ነው የጠቆመችዎት፤ የራሷ ልጆችም ይኖሯታል።

ሻጩ ምን ይባል? «ኬሚካል የለበትም» ያለ ሰው መጀመሪያውኑ አላዋቂ ነው፤ ውኃም ኬሚካል ነውና። አውቆ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የሕግ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 መዋቢያዎችንም ይመለከታል። ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ወይም ለአካባቢ ጤና ጽሕፈት ቤት ብልቃጡን ይዞ ማመልከት ይቻላል። ቆዳ ያቀላሉ የሚባሉ ክሬሞችም ከዚሁ የሚመደቡ ናቸው። ሜርኩሪ ያለባቸው ክሬሞች ኩላሊትን ስለሚጎዱ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው እስከ 2020 ከገበያ እንዲወጡ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ አገሮች ያንኑ አንድ እጅ እንኳ ላለመፍቀድ ተስማሙ። ከአሥር ኩንታል አንድ ግራም የከለከሉት ያለ ነገር አይደለም።

ስለ ሎሚና ስለ ጤና አዳም ደጋግመው ለሚጠይቁን አንባቢዎች አጭር ቃል እናክል። በሁለቱም ውስጥ ፉሮኮማሪን የተባሉ ውሁዶች አሉ። እነዚህ በጥላ ሥር ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ፀሐይ ሲያገኛቸው ግን ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላሉ፣ ውኃ ያቋጥራሉ፣ ጥቁር ምልክት ጥለው ይሄዳሉ። ፊቷ እንዲጠራ ሎሚ ቀብታ ገበያ የወጣች ልጅ ጠቁራ የምትመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ላይ ግን በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካይሮ ዶክተር አብደል ሞኒም ኤል ሞፍቲ ከአንድ የግብፅ ተክል የወጣውን ከዚሁ ወገን የሆነ ውሁድ በግራም እየመዘኑ፣ የፀሐዩንም ደቂቃ እየቆጠሩ የለምጽ ሕሙማንን አክመውበታል። የአውሮፓ ሕግ ደግሞ ለፀሐይ መከላከያ በሚሠሩ ቅባቶች ውስጥ ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ እንዳይገባ ይከለክላል። ጤና አዳሙ በቡናችን ይቅር አላልንም፤ ፊት ላይ ተቀብቶ ፀሐይ አይወጣበትም።

ለደብረ ብርሃኖቹ እኅቶች የምንለው ረዘም ይላል። ባለሱቁ አላስቀየማችሁም፤ እንዲያውም ዕቃችሁን ቁም ነገር አድርጎ በማየቱ ነው ወረቀት የጠየቀው። ወደ ላቦራቶሪ ከመሄዳችሁ በፊት ግን በራሳችሁ እጅ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። አንድ ጊዜ ተለክቶ ቁጥሩ ቢወጣ፣ የሚቀጥለው ምርት በሌላ መንገድ ከተሠራ ወረቀቱ ዋጋ የለውምና።

የምትጠቀሙበት እሬት አንድ ዝርያ ብቻ ይሁን። ስሙን በእርግጠኝነት ለማወቅ ከነአበባው አንድ ዘለላ በጋዜጣ መካከል አድርቃችሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ሙዚየም ብታደርሱት ባለሙያዎች ይለዩላችኋል። ከዱር ከምትነቅሉ ጓሯችሁ ብትተክሉት ይሻላል፤ ዕድሜውንም ታውቁታላችሁ፣ ጋራውም አይራቆትም። የታችኛውን፣ የበሰለውን ቅጠል ቁረጡ። እንደ ተቆረጠ ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ቢጫው እስኪያቆም አንጠፍጥፉት፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ ልጣጩን ከነቢጫው ወፈር አድርጋችሁ ላጡት። ጥቂት ዝልግልግ አብሮ ቢጣል አትሠሥቱ። በዚያው ዕለት ሥሩት እንጂ አታሳድሩት። በኃይል አታፍሉት። «አንድ እፍኝ»፣ «ደኅና ጭልፋ» የሚለውን ትታችሁ በሚዛን በግራም ግቡ፤ የወጥ ቤት ሚዛን ከአንድ ካርቶን ሳሙና ሽያጭ ትገኛለች። ስንት ግራም ቅጠል፣ ስንት ግራም ዝልግልግ፣ በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ጓሮ እንደሆነ በደብተር ጻፉት።

በእሬት ዝልግልግ ብቻ የተሠራ ውኃማ ቅባት ቶሎ ይሸታል፤ ሻጋታና ባክቴሪያ ይወደዋል። ማቆያ የሌለበትን ቅባት ለወራት መሸጥ አሎይን ካለበት የማይተናነስ አደጋ ነው። የትኛው ማቆያ በምን ያህል መጠን እንደሚገባ የፋርማሲ ባለሙያ አማክሩ። ሳሙናውን በተመለከተ ግልጹን እንናገር። አሴማናን በኮስቲክ ሶዳና በሳሙና ሙቀት ውስጥ እንደነበረ አይቆይም። «የእሬት ሳሙና» ብላችሁ ብትሸጡ ሳሙናነቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ የእሬቱን ሥራ ግን ከሳሙናው ባትጠብቁም፣ ባታስጠብቁም መልካም ነው።

ላቦራቶሪ ስትሄዱ «መርምሩልን» ብቻ ብላችሁ አትግቡ። ሦስት ነገር ጠይቁ፤ አሎይን ከሚሊዮን ስንት እጅ እንደሆነ፣ ደረቅ ይዘቱ በመቶ ስንት እንደሆነ፣ ባክቴሪያና ሻጋታ መኖር አለመኖሩን። አሴማናንን መለካት ውድ መሣሪያ ይጠይቃልና ለጊዜው ቢቀር ባለሱቁም ያስተውላል። የዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪና የፋርማሲ ክፍሎች ለመመረቂያ ጥናት የሚሆን ርእስ የሚሹ ተማሪዎች አሏቸው፤ በጓሮአችሁ የበቀለ፣ ዕድሜውና ቦታው በደብተር የተጻፈ እሬት ለእነርሱም ሲሳይ ነው። ለመሸጥ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ደግሞ ከባለሥልጣኑ ቅርንጫፍ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከእያንዳንዱ ምርት አንድ ብልቃጥ ቀኑን ጽፋችሁ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። ደንበኛ ቅሬታ ይዛ ስትመጣ የምትከፍቱት እርሱን ነው። አዲስ ለምትገዛ ሴት ደግሞ በክንዷ ውስጠኛ ክፍል ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀብታ ሁለት ቀን እንድትጠብቅ በብልቃጡ ላይ ጻፉላት፤ ለሕፃናትና ለተላጠ ቆዳ እንዳይሆንም ጨምሩበት። የምርመራው ወረቀት በእጃችሁ ሲገባ ቁጥሩን ጻፉልን፤ በዚሁ አምድ እናወጣዋለን፤ ትልቅም ይሁን ትንሽ።